«አዞ» የተባለው የስዊስ ሳቢ ባቡርና የስያሜ ጥያቄ

የቴክኒክ ስያሜ የሚያወጣ ሰው ዘወትር ከሁለት መንገዶች አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። አንደኛው ነገሩን በባሕርዩ የሚገልጽ ቃል ማበጀት ነው፤ ሁለተኛው ነገሩን ከሌላው ለመለየት ብቻ የሚበቃ ስም መስጠት ነው። የፊተኛው መዝገብ አዘጋጁን ደስ ያሰኛል፤ የኋለኛው ለሠራተኛው አፍ ይቀልላል። በሐሳብ ብቻ ከመከራከር ግን ሁለቱንም ዓይነት ስም ባንድ ጊዜ የተሸከመ አንድ መሣሪያ ከልደቱ እስከ ጡረታው መከታተል ይበጃል። ለዚህ የመረጥነው በስዊስ አገር በጎትሃርድ ተራራ መስመር የሠራውን፣ በመዝገብ «ሴ.ኤ. 6/8 2ኛ» በሕዝብ አነጋገር «አዞ» የተባለውን የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ስዊስ ከመሻገራችን በፊት «ባቡር» የሚለው ቃላችን ራሱ ለምስክርነት ይቁም። የቃሉ ምንጭ በሮማይስጥ «እንፋሎት» ማለት ሲሆን ጣልያኖች ቫፖሬ፣ ፈረንሳዮች ቫፐር ይሉታል፤ ወደ እኛ የደረሰውም በዐረብኛ በኩል አልፎ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሀዲድ ሳይሻ በመንገድ ላይ የሚሄደው የእንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ በአንዳንድ ገጠርም በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ «ባቡር» ይባላል። እንግዲህ ስሙ በተወለደበት ቋንቋ ገላጭ ነበር። ሆኖም በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ሲዛወር ስሙ አልተለወጠም፤ በ2016 የተመረቀውና በ25 ሺሕ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመርም ያው «ባቡር» ነው። እንፋሎቱ ጠፋ፤ ቃሉ ግን ቀረ። የቃሉ እውነተኛ ጉድለት ሌላ ነው፦ የሚስበውንም የሚሳበውንም ባንድነት ይጠራል። «ፉርጎ» የሚለውን ከፈረንሳይኛ ተውሰን ተሳቢውን ለይተን ጠራን፤ ሳቢው ግን የራሱ ስም ሳይኖረው ቆየ።

የጎትሃርድ መስመር የተከፈተው በ1882 ነው። በተራራው ሥር የሚያልፈው ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ባቡሩን የሚያደክሙት ግን ወደ ዋሻው የሚያደርሱት አቀበቶች ናቸው። በየ1000 ሜትሩ እስከ 26 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ፤ ሀዲዱም በድንጋይ ውስጥ በተፈለፈሉ ክብ ዋሻዎች እየተጠማዘዘ ይወጣል። ስዊስ የራሷ የሚበቃ የድንጋይ ከሰል የላትም። በ1913 የመንግሥቱ ምድር ባቡር መስመሩን በኤሌክትሪክ ለማሠራት ወሰነ፤ በማግሥቱ ዓመት የተነሣው ጦርነት ሥራውን ቢያጓትተውም የውሳኔውን ትክክለኛነት አጸናው፤ ከውጭ የሚገዛው ከሰል ተወዷልና፣ ጠፍቷልምና። ውሃ ግን ከተራራው ይወርድ ነበር። ሪቶምና አምሽቴግ ላይ ማመንጫዎች ተሠርተው በ1920 ከኤርስትፌልድ እስከ ቢያስካ፣ በ1922 እስከ ጣልያን ወሰን እስከ ኪያሶ ድረስ በኤሌክትሪክ መጓዝ ተጀመረ።

የተመረጠው ኮረንቲ 15 ሺሕ ቮልት፣ በሰከንድ 16⅔ ዑደት ያለው ነበር። ይህ ቁጥር እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፦ የዚያ ዘመን የባቡር ሞተሮች እንደ ከተማው መብራት ባለ 50 ዑደት ኮረንቲ ቢሰጣቸው ኮረንቲ በሚቀበለው ክፍላቸው ላይ ከባድ ብልጭታ ይነሣባቸው ነበር። አዲሱ የእኛ መስመር ያለ ችግር 50 ዑደት የሚጠቀመው ይህ እንቅፋት ከጊዜ በኋላ በመወገዱ ነው።

ከ1919 እስከ 1922 የቪንተርቱር ፋብሪካ አካሉን፣ የኧርሊኮን ፋብሪካ ኤሌክትሪኩን እየሠሩ 33 ባቡሮች አስረከቡ። እያንዳንዳቸው ርዝመታቸው 19 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደታቸው 128 ቶን ነበር። አካላቸው ሦስት ክፍል ነው። በመካከለኛው ክፍል ትራንስፎርመሩና የነጂዎቹ ክፍሎች ይገኛሉ፤ በፊትና በኋላ እንደ አፍ የረዘሙት ዝቅተኛ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሞተሮች ይይዛሉ። ክፍሎቹ በመጋጠሚያ ስለተያያዙ ባቡሩ በጠመዝማዛው ሀዲድ ላይ ወገቡን እያጠፈ ይሄዳል። ሞተሮቹ ግዙፍ ስለነበሩ በመንኮራኩሮቹ መካከል ሊገቡ አልቻሉም፤ ስለዚህ ኃይላቸው በጥርስ ወደ አንድ ዘንግ፣ ከዚያም መካኒኮቻችን ቢዬላ በሚሉት ረጅም የብረት ክንድ ወደ መንኮራኩሮቹ ይተላለፍ ነበር። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ፣ አፍንጫው ሲረዝም፣ ወገቡ ሲታጠፍ ላየ ሰው ስሙን ለማውጣት ጉባኤ አላስፈለገውም። (የጫሞን ሐይቅ አዞ የሚያውቅ አንባቢ ከስዊሶቹ ይልቅ ተመሳሳይነቱን ሊፈርድ ይችላል።)

ወደ መዝገቡ ስም እንመለስ። «ኤ» ኤሌክትሪክ ማለት ነው። «6/8» ከ8 ዘንጎች 6ቱ በሞተር እንደሚዞሩ ይገልጻል። «2ኛ» የተባለው በዚሁ ምድብ ቀድሞ የተሠራ አንድ የሙከራ ባቡር ስለነበረ ነው። «ሴ» ደግሞ የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ባቡሩ በሰዓት እስከ 65 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበርና። ጥንቅቅ ያለ፣ ሁሉን ነገር የሚናገር ስም ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። ከ1942 እስከ 1947 ከ33ቱ 13ቱ ብርቱ ሞተር ተተከለላቸው፤ ኃይላቸው ከ1650 ወደ 2700 ኪሎዋት፣ ፍጥነታቸውም ወደ 75 ኪሎ ሜትር ከፍ አለ። ወዲያውም «ሴ» ሐሰት ሆነና «ቤ.ኤ. 6/8 2ኛ» መባል ግድ ሆነባቸው፤ ቁጥራቸውም ተለወጠ። ያልታደሱት 20ዎቹ ግን በቀድሞ ስማቸው ቀሩ። ከ1925 እስከ 1927 የተሠሩት 18 ታናናሽ ወንድሞቻቸውም በ1956 ፍጥነታቸው ሲጨመር እንዲሁ ስማቸው ተቀየረ። በዚህ ሁሉ «አዞ» አልተነካም። ከመዝገቡ ምልክት የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፦ ምልክቱ ለጀርመንኛም ለፈረንሳይኛም ለጣልያንኛም ተናጋሪው አንድ ሲሆን፣ ቅጽል ስሙ ግን በየቋንቋው ይነገራል።

ባቡሩ በአቀበቱ ላይ 430 ቶን ጭነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እንዲስብ ታስቦ የተሠራ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሞተሮቹ ማመንጫ ሆነው ኮረንቲውን ወደ ሽቦው ይመልሱ ነበር፤ ይህም ፍሬኑን ከመጋልና ከማለቅ ያድነዋል። ከ1952 ጀምሮ «አ.ኤ. 6/6» የተባሉት ፈጣን ባቡሮች ጎትሃርድን ሲረከቡ አዞዎቹ ወደ ሜዳው አገር የጭነት ሥራ ወረዱ፤ የመጨረሻዎቹም እስከ 1980ዎቹ ዓመታት አገልግለው ተሰናበቱ። ዛሬ ጥቂቶቹ በቅርስነት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ከዚህ ተነሥተን ለሎኮሞቲቭ «ሳቢ ባቡር» የሚለውን እናቀርባለን። «ተሳቢ» በከባድ መኪና ሥራ ስለተለመደ ጥንዱ በቀላሉ ይገባል። በብቻው «ሳቢ» ቢባል ግን «ማራኪ» ከሚለው ትርጉም ጋር ይጋጫል፤ አዞም በእንስሳት ትምህርት ከ«ተሳቢዎች» ወገን ስለሆነ፣ «ሳቢ የሆነው ተሳቢ» ብሎ መቀለድ ለተማሪ አያቅትም። ስለዚህ «ባቡር» ሊለየው አይገባም። ሎኮሞቲቭ ይቀጥል የሚሉ ወገኖችም ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም፤ በሥራው ላይ ያለው ሰው ይህንኑ ይላልና፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢመዘገቡ አንቃወምም። ሲወርድ ኮረንቲ ለሚመልሰው ፍሬን «ኃይል መላሽ ፍሬን»፣ ከጣሪያው ላይ ሽቦውን ለሚነካው ክፍል «ኮረንቲ ተቀባይ» ይበቃል። የኋለኛው ቅርጹን የማይጠቅስ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ ቅርጹ ከዘመን ዘመን ይለዋወጣልና።

በፍቺው ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። ሳቢ ባቡርን በጭሱ፣ በእሳቱ ወይም በፍጥነቱ መፍታት የ«ሴ»ን ዕጣ መድገም ነው። ለመዝገቡ የምናቀርበው ፍቺ የሚከተለው ነው፦ ሳቢ ባቡር — በሀዲድ ላይ የሚሄድ፣ በራሱ ኃይል ሌሎች ፉርጎዎችን የሚስብ ወይም የሚገፋ፣ ራሱ ግን ጭነትም መንገደኛም የማይዝ ተሽከርካሪ።