እንግዳ ሲበዛ ባለቤት እንዳይጠፋ

እንግዳን በደስታ መቀበል የሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ነው፤ አገር መጐብኘትም ዕውቀትን የሚያሰፋ፣ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያስተዋውቅ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መልካም ሥራ ሁሉ መጠን ካልተደረገለት ጉዳቱ ከጥቅሙ እንዲበልጥ፣ በኢጣልያ አገር ያለችው የቬኒስ ከተማ ትመሰክራለች።

ቬኒስ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ መንገዷ ውሃ፣ መጓጓዣዋ ጀልባ የሆነ ጥንታዊት ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. በአሮጌው ከተማ 175,000 ያህል ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ በ2022 ዓ.ም. ግን ቍጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። የውሃው ሙላትና የሥራ ማነስ ለዚህ ምክንያት መሆናቸው ባይካድም፣ የጐብኚው ብዛት ታላቅ ድርሻ አለው። ባለቤቱ ቤቱን ለነዋሪ ከማከራየት ይልቅ ጥቂት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ቢሰጥ የበለጠ ስለሚያተርፍ፣ ሠራተኛውና ወጣቱ ተሻግሮ በየብስ ላይ መኖርን መረጠ፤ ዳቦና አትክልት ይሸጥበት የነበረውም ሱቅ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሆነ። ጐብኚውም ቢሆን በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ከሕንፃው ይልቅ ከፊቱ የቆመውን ሰው ጀርባ አይቶ ይመለሳል።

ይህን ለማረም የኢጣልያ መንግሥት በ2021 ዓ.ም. ታላላቅ መርከቦች በአደባባዩ ፊት እንዳያልፉ ከለከለ፤ የከተማው አስተዳደርም በ2024 ዓ.ም. ውለው ከሚመለሱ ጐብኚዎች በተወሰኑ ቀኖች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረ። ይሁን እንጂ ከታመሙ በኋላ መድኃኒት መፈለግ፣ ሳይታመሙ እንደ መጠንቀቅ አይሆንም።

ከዚያችው ከተማ በጀልባ ተጕዞ የሚደረስበት ቶርቼሎ የሚባል ደሴት አለ። በጥንት ዘመን ብዙ ሕዝብ ነበረበት፤ በደለልና በወባ ምክንያት ከተለቀቀ ወዲህ ግን የቀሩት ነዋሪዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው። በ639 ዓ.ም. በተመሠረተው ካቴድራሉ ግድግዳ ላይ የመጨረሻው ፍርድ በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠሮች ተሥሎ ይታያል። ወደዚያ የሄደ ሰው ሳይጋፋና ሳይቸኵል ቆሞ ይመለከታል፤ ያየውንም በልቡ ይዞ ይመለሳል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ትምህርት አለው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ ወዲህ ስማቸው በየአገሩ ተሰማ። ከዚያ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን፣ በሥራው ጥበብ ከማንም የማያንስ ሲሆን የሚያየው ጥቂት ነው። እንግዳን በአንድ ስፍራ ከማከማቸት ወደ እንደዚህ ያሉት ስፍራዎች ማከፋፈል፣ ለታወቀው ቅርስ ዕረፍት፣ ለገጠሩ ሕዝብም ገቢ ይሰጣል።

ይህም ሲደረግ ሥርዓቱ ከእንግዳው መቅደም አለበት። ሹማምንቱ በቀን የሚገባውን ሰው ቍጥር፣ መንገዱንና መጸዳጃውን አስቀድመው ቢወስኑ፣ ካህናቱም የጸሎቱን ሰዓት ከጕብኝቱ ሰዓት ቢለዩ፣ ለጸሎት የመጣው ምእመን በገዛ ደብሩ እንግዳ አይሆንም። ጸጥታም እንደ ሥዕሉና እንደ ሕንፃው ሁሉ ከአባቶች የተወረሰ ሀብት ነውና፣ ጠባቂ ያስፈልገዋል።