ስለ አሮጌ ፒካፕ አያያዝና ስለ ባለንብረቱ ኀላፊነት

በቀበና ከድልድዩ አንሥቶ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚያወጣውን ዳገት በማለዳ የተመለከተ ሰው፥ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ በአሮጌ ፒካፕ ላይ የተጫነ መሆኑን ያስተውላል። ሲሚንቶውንና አሸዋውን፥ የባሕር ዛፉን አጠና፥ ቤት የሚለውጠውንም ሰው አልጋና ቁም ሣጥን የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ አያያዙ ጥቂት ቃል መናገር የሚጠቅም መስሎ ታየን።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። የጭነት መኪና ግን በብዛት የታየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ነበር። ባሌስትራ፥ ካንዴላ፥ ጎማ እያልን የምንጠራቸው ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ከዚያም በኋላ የጃፓን ፒካፖች መጡ፤ ከነዚህም ስሙ የገነነው ቶዮታ ሃይሉክስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 መሠራት ጀመረ።

አሮጌው እስከ ዛሬ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተሩ ቀላል ስለ ሆነ የሰፈር መካኒክ ፈትቶ ይገጥመዋል፤ መለዋወጫውም በመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስመጣ ሰው ላይ ቀረጡን ስላከበደው፥ በእጅ ያለውን መጠበቅ ግድ ሆኗል።

ነገር ግን አገሩ ተራራ መሆኑን መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፥ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አሮጌ ሞተር በዳገቱ ይደክማል፤ ጥቁር ጢስም ያወጣል። ይሁን እንጂ ትልቁ አደጋ በመውጣት ሳይሆን በመውረድ ነው። ቍልቍለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም በመጨረሻ አይዝም። ስለዚህ ዳገቱን በወጣበት ከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ይገባዋል። ከታች ተማሪዎችና እግረኞች አሉና።

እዚህ ላይ ቃላችን ለሹፌሩ ብቻ አይደለም። አንድ ቶን፥ ማለት 10 ኩንታል፥ እንዲይዝ በተሠራ መኪና ላይ 15 ኩንታል የሚያስጭነው ማን ነው? ብዙ ጊዜ በቤቱ ተቀምጦ በየማታው የተቈረጠ ገቢ የሚጠብቀው ባለንብረት ነው። ገቢው የበዛ ሲሆን ሹፌሩ ጭነት ይጨምራል፤ የፍሬን ሸራ የሚለወጥበትንም ቀን ያስተላልፋል። ትርፉን ባለንብረቱ ሲቈጥር፥ ቍልቍለቱን የሚወርደው ግን የሌላ ሰው ልጅ ነው።

እንግዲህ አስተዋይ የሆነ ቤተ ሰብ ከየዕለቱ ገቢ ለመኪናው ድርሻውን ይለይለት፤ የቤቱም እመቤት ሒሳቡን ትወቀው። አስቀድሞ የፍሬን ሸራ፥ ቀጥሎ ጎማና ዘይት፥ ከሁሉ በኋላ ቀለም ይሁን። ለዓመቱ ምርመራ ቀን ብቻ ደኅና ጎማ ተውሶ ቦሎ ማግኘት ራስን ማታለል ነው። ሕፃናትንም በዕቃ ላይ አስቀምጦ መጓዝ ፈጽሞ አይገባም። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ የፍሬን ሸራ ዋጋ ከሰው ነፍስ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነውና።