ዘብ ሲለወጥ

ከብት አርቢ የሆነ ሰው ዘብ ምን እንደሆነ ያውቃል። በጅጅጋ ዙሪያ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌና በአይሻ ግመልና ፍየል በእሾህ አጥር ውስጥ ያድራሉ። ጅብ እንዳይገባ አንድ ሰው ነቅቶ ይቆያል። እንቅልፍ ሲያሸንፈው ጓደኛውን ይቀሰቅሳል። «ተነሣ፣ ተራህ ደርሷል» ይለዋል። ግን ወዲያው ጋደም አይልም። «በዚያ ቁጥቋጦ በኩል ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ያረገዘችው ፍየልም አሟታል፤ ልብ በል» ብሎ ይነግረዋል። ያኛው ተነሥቶ ዱላውን እስኪይዝ ድረስም አይተኛም።

ይህ የዘብ ለውጥ ነው። በትልልቅ ከተሞች በሙዚቃና በሰልፍ የሚታየው የዘብ ለውጥ ሥርዓትም የተወለደው ከዚሁ ነው። ዛሬ ስለዚህ ሥርዓት እናነባለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የዘብ ለውጥ እንዴት ይካሄዳል?

በጦር ሰፈር ዘብ የሚቆም ወታደር ተረኛ ይባላል። ሰዓቱ ሲሞላ የዘብ አዛዡ አዲሱን ተረኛ ይዞ ይመጣል። የቆመው ወታደር «ቁም! ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የመጡት ሰዎች የይለፍ ቃሉን ይመልሳሉ። የይለፍ ቃል ማለት የሰፈሩ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ምስጢራዊ ቃል ነው። ቃሉን የማያውቅ ሰው አያልፍም።

ከዚያ በኋላ ርክክብ ይደረጋል። አሮጌው ተረኛ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይነግራል። ቁልፍ ካለ ቁልፉን፣ ዕቃ ካለ ዕቃውን ቆጥሮ ይሰጣል። አዲሱ ተረኛ በቦታው ቆሞ «ተረክቤአለሁ» ሲል አሮጌው ይሄዳል። ከዚያ በፊት አይሄድም።

ሕጉ አንድ ነው። ቦታው ለአንድ ደቂቃ እንኳ ባዶ መሆን የለበትም። ጠላትም ሆነ ሌባ የሚጠብቀው ያቺን ባዶ ደቂቃ ነውና።

ታዲያ ሙዚቃው፣ የተወለወለው ጫማና እኩል የሚነሣው እግር ለምን አስፈለገ? ምክንያት አለው። ርክክቡ በሰው ሁሉ ፊት ሲደረግ፣ ቦታው ጠባቂ እንዳለው ወዳጅም ጠላትም ያያል። ወታደሩም ሥራው የተከበረ መሆኑን ያስታውሳል። ለዚህ ዓይነት ሥርዓት የሚመረጥ ወታደር የክብር ዘብ ይባላል።

በሌሎች አገሮች

በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ፣ በንጉሡ ቤተ መንግሥት በር ላይ የዘብ ለውጥ ይደረጋል። ወታደሮቹ ቀይ ኮትና ከድብ ጠጉር የተሠራ ረጅም ባርኔጣ ያደርጋሉ። ሥርዓቱ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ብዙ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ያየዋል።

በግሪክ አገር፣ በአቴና ከተማ፣ ስሙ ላልታወቀ ወታደር የተሠራ መታሰቢያ አለ። ይህ መታሰቢያ በጦርነት ሞተው ስማቸው ሳይታወቅ ለቀሩት ሁሉ የቆመ ነው። በዚያ ዘቡ በየሰዓቱ ይለወጣል። የዘቦቹ የክብር ልብስ እንደ ጉርድ ቀሚስ ነው። እጥፋቱ አራት መቶ ነው ይባላል። እጥፋቱ ግሪክ በቱርክ አገዛዝ ሥር የቆየችባቸውን 400 ዓመታት ያስታውሳል።

በአሜሪካም እንዲሁ ያልታወቀ ወታደር መቃብር አለ። ዘቡ 21 እርምጃ ይራመዳል። ቆሞ 21 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ ተመልሶ 21 እርምጃ ይራመዳል። ይህ መቃብር ከ1929 ዓ.ም ጀምሮ ቀንም ሌትም ያለ ዘብ አድሮ አያውቅም። ዝናብም ሆነ በረዶ ቢጥል ዘቡ አይቀርም።

የክብር ዘብ በድንበር ላይም ይቆማል። በሕንድና በፓኪስታን መካከል ዋጋ የሚባል የድንበር በር አለ። በሁለቱም ወገን ያሉት ዘቦች ፀሐይ ስትጠልቅ የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ በአንድ ጊዜ ያወርዳሉ። ለብዙ ዓመታት በሩ ይከፈት ነበር። የሁለቱ አገር ወታደሮችም ይጨባበጡ ነበር። በ2017 ዓ.ም ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ በሩ ተዘጋ፤ መጨባበጡም ተቋረጠ። በቶጎ ውጫሌና በደወሌ የሚኖር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የድንበር ኬላ ሲዘጋና ሲከፈት ገበያው ምን እንደሚሆን ያውቃልና።

የክብር ዘበኛ በኢትዮጵያ

በአገራችን ነገሥታቱ ጠባቂ ሠራዊት ነበራቸው። በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነው ጠባቂ ጦር ግን የተጀመረው ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ፣ ከ1909 ዓ.ም በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች በእንግሊዝና በጣሊያን ጦር ውስጥ አገልግለው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ1922 ዓ.ም ደግሞ ከቤልጅግ አገር መኮንኖች መጥተው አሠለጠኑ። ጦሩ ክብር ዘበኛ ተባለ። በ1928 ዓ.ም በመጋቢት ወር ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። ብዙዎቹም እዚያ ወደቁ።

ከነፃነት በኋላ ክብር ዘበኛ እንደገና ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም ከዚሁ ጦር አንድ ሻለቃ ተመርጦ ወደ ኮሪያ ሄደ። ስሙም ቃኘው ሻለቃ ተባለ። ቃኘው የሚለው ስም ከሐረርጌ የመጣ ነው። የሐረር ገዥ የነበሩት የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። በእርሳቸው ዘመን ጅጅጋም ከሐረር ትገዛ ነበር።

ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሄደው በምድር ባቡር ነው። ባቡሩ ከድሬዳዋ በኋላ በሽንሌ፣ በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ በኩል ያልፋል። ስለዚህ እነዚያ ወታደሮች ከአገራቸው ምድር መጨረሻ ያዩት የዚህን በረሃ ድንጋይና ግራር ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ብዙ ቀን ተጉዘው ኮሪያ ደረሱ።

ኮሪያ ላይም ዘብ በተራ ይለወጥ ነበር። አንዱ ሻለቃ ጊዜውን ሲጨርስ ሌላው ሄዶ ቦታውን ይረከብ ነበር። በጦርነቱ 122 ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ከ500 በላይ ቆሰሉ። በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የሞቱትም ሜዳ ላይ አልቀሩም። በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የመታሰቢያ ቦታ አላቸው። በኮሪያም ቹንቾን በምትባል ከተማ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ዘቡ በተሾመበት ቤት ላይ ሲነሣ

የክብር ዘብ ታሪክ ግን ሁሉም የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። መፈንቅለ መንግሥት ማለት ሥልጣንን በኃይል መያዝ ነው። አስበው የተነሡት አገሪቱ ወደ ኋላ ቀርታለችና ለውጥ ያስፈልጋታል ብለው ነበር። ምድር ጦርና አየር ኃይል ግን አልተባበሯቸውም። ወንድም ከወንድም ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ተታኮሰ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ባለሥልጣኖች ተገደሉ። ሙከራው በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ጄኔራሉም ተፈርዶባቸው ተሰቀሉ።

ይህ ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ዘብ የሚቆመው ለማን ነው? ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለአገር? ለአንድ ሰው ብቻ የቆመ ዘብ፣ ያ ሰው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ክብር ዘበኛም በ1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ፈረሰ።

ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የአገሪቱን ሉዓላዊነት እንዲጠብቅ ያዛል። ሉዓላዊነት ማለት አገር በራሷ ላይ ራሷ አዛዥ መሆኗ ነው። ሠራዊቱ የብሔሮች፣ የብሔረሰቦችና የሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያለው እንዲሆን፣ ተግባሩንም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲፈጽም ይኸው አንቀጽ ያዛል። ከ2010 ዓ.ም በኋላ የአገሪቱን ከፍተኛ ባለሥልጣኖች የሚጠብቅ ሪፐብሊካን ጋርድ የሚባል ጦር ተቋቁሟል። ሕጉ እርሱንም ይመለከታል። በወረቀት ላይ የተጻፈው በሥራ መዋሉን መጠየቅ ግን የዜጋ ሁሉ ድርሻ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ካራማራ

አሁን ወደ ጅጅጋ እንመለስ። ጅጅጋ ከጥንቷ ጀምራ የዘብ ከተማ ናት። ከተማዋ ሳትስፋፋ በፊት የጦር ሰፈር ነበረባት። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የካራማራ ተራራ አለ። መንገዱ በተራራው መካከል ባለ ጠባብ በር ያልፋል። ያን በር የያዘ ሰው ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ ይዟል። ስለዚህ በየዘመኑ ጦርነት ሲነሣ ካራማራ ላይ ውጊያ ነበር። በ1933 ዓ.ም መጋቢት ወር የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን አሸንፎ ያለፈው በዚሁ በር ነው።

በ1969 ዓ.ም የሶማሊያ መንግሥት ጦር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በመስከረም 1970 ዓ.ም በጅጅጋ የነበረው ጦር ሥርዓቱ ተናግቶ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ከተማዋም ተያዘች። የካራማራ በርም ተያዘ። ያቺ ባዶ ደቂቃ ያልናት እዚህ ላይ መጣች። ለቀቅ የተደረገውን ቦታ ለመመለስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ብዙ ሕይወትም ጠየቀ።

የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች በአንድነት ሆነው ተዋጉ። በበሩ ፊት ለፊት ብቻ አልገፉም። ተራራውን ዞረው በሰሜን በኩል መጡ። ሄሊኮፕተሮችም ሰውና ከባድ መሣሪያ አሻገሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ጅጅጋ ተመለሰች። ከጥቂት ቀን በኋላ የሶማሊያ መንግሥት ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ።

በዚያ ጦርነት የሞተው ወታደር ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩም ተጎድቷል። ከብቱ አልቋል፤ ጉድጓዱ ተበላሽቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ተሰዷል። ጦርነት ሲመጣ ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደተባለው ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች የክብር ዘብ የቆመላቸው የለም። ስለዚህ እኛ በማስታወስ እንቁምላቸው።

ለወደቁት ወታደሮች ግን በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ፣ የትግላችን ሐውልት አለ። የተመረቀው በመስከረም 1977 ዓ.ም ነው። በሐውልቱ ግቢ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ይገኛል። በቅርብ ዓመታት የካቲት 26 ሲደርስ የጦሩ አርበኞችና የሁለቱ አገሮች ሰዎች ተገኝተው የአበባ ጉንጉን ያስቀምጣሉ። አበባው ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ አርበኞች ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ።

እንዲህ ያለው ሰልፍ እንደ ለንደኑ ያማረ ላይሆን ይችላል። ግን ያው የዘብ ለውጥ ነው። አረጋውያኑ ያዩትን ለልጆች ይነግራሉ። ልጆቹም ይረከባሉ። የሚያስረክብ ሽማግሌ ሳይናገር ከሞተ፣ ወይም የሚረከብ ልጅ ካልሰማ፣ ቦታው ባዶ ይሆናል።

እንወያይበት

ይህን ካነበብን በኋላ ተሰብስበን እንነጋገር። በእኛ ቀበሌ በተራ የሚጠበቅ ምን አለ? የውኃ ጉድጓድ ነው፣ እህል ነው፣ ትምህርት ቤት ነው? ተረኛው ሲለወጥ የሚያስረክበውን ቆጥሮ ይሰጣል ወይስ ዝም ብሎ ይሄዳል? የጉድጓዱን ቁልፍ ማን እንደተረከበ፣ በየትኛው ቀን እንደተረከበ በደብተር ብንጽፍ ምን ይጠቅመናል? ጦርነቱን ያዩ አዛውንቶች በመንደራችን ካሉስ ማን ይጠይቃቸዋል? የሚናገሩትንስ ማን ይጽፈዋል?

ትናንት ጽሑፍ የማናውቅ ሰዎች ነበርን። ዛሬ ግን እርሳስ በእጃችን አለ። የሚረከብ ሰው ከእኛ መካከል ይውጣ።