ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው የሚያልቅ ጎማ

እንደሚታወቀው በየመሥሪያ ቤቱ ከምንገኘው ሰዎች ብዙዎቻችን ወደ ሥራ የምንመላለሰው በሰርቪስ ወይም በታክሲ ነው። የግል መኪና ያለውም ቢሆን የነዳጁን ወጪ እያሰበ፥ የማቆሚያ ቦታ ማጣቱንም እየፈራ፥ መኪናውን በግቢው አቁሞ ለእሑድና ለበዓል ብቻ የሚያስነሣት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ባለ መኪና አንድ ቀን ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ጥርሳቸው እንደ አዲስ ሆኖ ያገኘውና «እኔ እንኳ ጎማ አልጨርስም» ብሎ ደስ ይለዋል። በዛሬው ንግግራችን ይህ ደስታ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ለእርስዎ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ጎማ የሚያረጀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በመንገድ ላይ ሲሽከረከር ጥርሱ እየተፋቀ ሊሾ ሲሆን ነው፤ ይህ በዓይን ስለሚታይ ብዙ ሰው አይሳሳትበትም። ሁለተኛው ግን መኪናዋ ብትነዳም ብትቆምም የማይቀር ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቀስ በቀስ ወደ ላስቲኩ እየገባ ያደርቀዋል፤ ልስላሴውንና መለጠጡንም ያሳጣዋል። ኦዞን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ገጹን ይሰነጣጥቀዋል፤ ፀሐይና ሙቀትም ይህንኑ ጥፋት ያፋጥኑታል። የጎማ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በላስቲኩ ውስጥ ሰምና ሌላም መከላከያ ቅመም ይጨምሩበታል። ይህም ሰም ጎማው እየተሽከረከረ በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ከውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ገጹን እንደ ቅባት ይጋርደዋል። ወር ሙሉ በቆመች መኪና ላይ ግን እንደሚገባው አይወጣም። በዚህም ላይ ነፋሱ በየወሩ በጥቂቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፥ ጎማው የመኪናዋን ክብደት በአንድ ቦታ ብቻ እንደ ተሸከመ ይከርማል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚደርሰው ዓይን በማያየው ስፍራ ነው። ከጥርሱ በታች የብረት ሽቦ ንጣፍ አለ፤ ይህን ንጣፍ ከላስቲኩ ጋር ያጣበቀው ኃይል በደከመ ጊዜ መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ጥርሱ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተልጦ ይወጣል፤ ወይም ጎማው በድንገት ይፈነዳል።

ለዚህም በእንግሊዝ አገር የደረሰው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012 ከሙዚቃ በዓል የሚመለሱ ወጣቶችን የያዘ አውቶቡስ በሰሪ አውራጃ ውስጥ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣና ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ ነጂውና ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ። በተመረመረ ጊዜ ጎማው 19 ዓመት ያለፈው፥ ከአውቶቡሱም ከራሱ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ግን ያለቀ አልነበረም፤ የሚከለክል ሕግም አልነበረም። ከሟቾቹ የአንዱ እናት ዓመታት ሙሉ ከተሟገቱ በኋላ፥ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ 10 ዓመት የሞላው ጎማ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገባ ተከለከለ። የግል መኪናን ግን ሕጉ አልነካውም፤ እዚያም ቢሆን ውሳኔው ለባለቤቱ የተተወ ነው።

እንግዲህ ለመወሰን አስቀድሞ የጎማውን የልደት ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ተጽፈው፥ በመጨረሻቸው አራት አሐዞች ይገኛሉ። ሁለቱ የፊተኞቹ ሳምንቱን፥ ሁለቱ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። በውጭ በኩል ካላገኙት በውስጥ በኩል ይፈልጉት፤ አንዳንዱ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚጻፍበት። ሦስት አሐዝ ብቻ ካገኙ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነውና ሌላ ምርመራ አያሻውም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ዓመቱ የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ባልንጀራዬ በ2017 ዓ.ም. «2317» የሚል ጎማ አግኝቶ፥ «የዘንድሮ ነው» ሲሉት አምኖ ገዛ። ቁጥሩ የሚለው ግን የ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፥ ማለትም በእኛ የ2009 ዓ.ም. የሰኔ መግቢያ ነው። አዲስ ያለው ጎማ ከሰባት ዓመት በላይ በመጋዘን የከረመ ኖሯል።

ቀኑ ከታወቀ በኋላስ? አያሌ የመኪና ፋብሪካዎች ጎማ በስድስት ዓመቱ ይለወጥ ይላሉ፤ እንደ ሚሽሊን ያሉት ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፥ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ግን ደኅና ቢመስልም ይውጣ ይላሉ። በመካከል ላለው ጊዜ የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት። በጎኑና በጥርሱ መካከል ስንጥቅ ወይም እብጠት የታየበት ጎማ ቀን ሊሰጠው አይገባም። ስንጥቅ የሌለበት እንደ ሆነ ደግሞ መኪናዋ የት እንደምትሄድ ይጠይቁ።

«እኔ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው የምነዳው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ዓመቱን ሙሉ እውነት አይደለም። በድንገት ከአዳማ ወይም ከሐዋሳ የለቅሶ መርዶ ሲመጣ፥ ያች የቆመች መኪና አምስት ሰውና ሻንጣ ተጭኖባት በሌሊት ትነሣለች። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቀዝቃዛ አገር ወደ ቆላው እየወረደች፥ በፈጣኑ መንገድ ላይ ከለመደችው እጥፍ ትሮጣለች። ጭነት፥ ፍጥነትና ሙቀት በአንድነት የሚመጡባት በዚያች ቀን ነው። ስለዚህ ከከተማ የምትወጣ መኪና ከሆነች፥ በእኔ አሳብ ስድስቱን ዓመት ማሳለፍ አይገባም።

የአራት ጎማ ዋጋ ለደመወዝተኛ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ሁለት ብቻ መግዛት የተቻለ እንደ ሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፤ የፊቱ ሲንሸራተት በመሪ ለመመለስ ይሞከራል፤ የኋላው ሲከዳ ግን መኪናዋ ዞራ ትገለበጣለችና። በፊት የቀሩትም ቢሆኑ ዕድሜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት።

ጎሚስታው ዘንድ ሲደርሱ ስኮርታውንም አስወጥተው ቁጥሩን ያንብቡ። መሬት ነክቶ ስለማያውቅ ጥርሱ ምንጊዜም አዲስ ነው፤ ዕድሜው ግን ብዙውን ጊዜ የመኪናዋን ያህል ነው።