ጨዋማ ውኃና ዋናተኛ፦ ከሐይቅ እስከ አፍዴራ

ግዙፍ የጨው ውኃ መዋኛ ሲነሣ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። በቺሊ አልጋሮቦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የሳን አልፎንሶ ዴል ማር ገንዳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመትና 8 ሄክታር ያህል ስፋት አለው፤ 250 ሚሊዮን ሊትር ውኃውም ከፓስፊክ ውቅያኖስ ተስቦ የሚጣራ ነው። ይሁን እንጂ ዋናተኛው በአካሉ የሚያውቀው ልዩነት ከገንዳው ስፋት ሳይሆን ከውኃው እፍግታ የሚመነጭ ነው። በዚህ ረገድ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ተመራማሪ የሚቀርበው ምሳሌ አፍዴራ ነው፤ በባቲ ወደ ሚሌ ወርዶ፣ በሰመራ አልፎ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአፋር ሐይቅ።

የሰው አካል ሳንባው በአየር ሲሞላ ከንጹሕ ውኃ በጥቂቱ ይቀልላል፤ አየሩን ሲያስወጣ በጥቂቱ ይከብዳል። ለስሌት እንዲመች እፍግታውን በሊትር 1 ኪሎ ግራም ብንወስድ፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከደሴ በስተሰሜን ባለው ጨዋማ ባልሆነው የሐይቅ ውኃ ውስጥ ለመንሳፈፍ 70 ሊትር ውኃ መግፋት አለበት፤ ማለትም መላ አካሉ ይጠልቃል። በውቅያኖስ ውኃ (በሊትር 1.025 ኪሎ ግራም) 1.7 ሊትር ያህል የአካሉ ክፍል ከውኃው በላይ ይቀራል። የቺሊው ገንዳ ዋናተኛ የሚያገኘው ትርፍ ይኸው ብቻ ነው። የአፍዴራ እፍግታ ግን በሊትር ወደ 1.1 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ከውኃው በላይ የሚቀረው ከ6 ሊትር ያላነሰ ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው ራስ መጠን ይበልጣል።

ስሌቱ ምቾትን ብቻ የሚያመለክት ይመስላል፤ ውኃው ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በደረቱ የሚዋኝ ሰው እግሮቹ ወደ ላይ ስለሚገፉበት ርግጫው ከውኃ ይልቅ አየር ያገኛል። ወገቡ ይለመጣል፤ አንገቱም ራሱን ቀና አድርጎ ለመያዝ ሲታገል ይደክማል። በጀርባ መንጋለል ቀላል ነው፤ ከዚያ ተመልሶ መቆም ግን ጉልበትን ወደ ደረት ስቦ፣ እጅን ወደ ታች ገፍቶ የሚደረግ፣ ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ጠብታ ዓይን ውስጥ ከገባች ታቃጥላለች፤ በጨው በረጠበ እጅ መጥረግ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል።

«እዚህ ሰው አይሰጥምም» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በሙት ባሕር የሚደርሰው አደጋ እንደሚያሳየው፣ በፊቱ የተደፋ ሰው በዚያው ተንሳፋፊነት የተነሣ ለመገልበጥ ይቸገራል፤ የሚውጠው ጨዋማ ውኃም የደሙን ማዕድናት ሚዛን ያዛባል፣ ሳንባውንም ይጎዳል። ሳይሰጥም ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው ከባልደረባ ጋር፣ ወገቡን በማያልፍ ውኃ ውስጥ፣ በጀርባው ብቻ ቢንሳፈፍ ይመረጣል።

በሐይቁ ዳር ሌሎች ሰፋፊ ገንዳዎችም አሉ፤ ለጨው ምርት የተበጁ ናቸው። ከሐይቁ በሞተር የሚሳበው ውኃ በፀሐይ እስኪተን ድረስ በእነዚህ ጥልቀት በሌላቸው ገንዳዎች ይቆያል። በውስጣቸው የሚውለው ሠራተኛ ነው፤ ሐይቁ ለዋናተኛው የሚሰጠውን ድጋፍ አያገኝም፣ ጨዉ ግን ውኃው በተነነ መጠን እየበረታ እግሩን ይሰነጥቀዋል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ቦት ጫማና የሚለቃለቅበት ንጹሕ ውኃ ነው።