ኢስታንቡልን በነፃ መጎብኘት

ለልብስ ግዥ ወደ ኢስታንቡል የሚመላለስ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ ዕቃው ታሽጎ ለካርጎ እስኪሰጥ ድረስ አንድ ሁለት ቀን መጠበቁ የተለመደ ነው። በእነዚህ ቀናት ለሽርሽር የሚወጣው ምንዛሪ ከመግዣው ላይ የሚቀነስ በመሆኑ ዞሮ ዞሮ ትርፉን ይነካል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሂሳቡ ከብዷል።

ሐጊያ ሶፊያ ለሶላት ለሚገባ ሰው ባይከፈልበትም፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ወዲህ የውጭ አገር ጎብኚን 25 ዩሮ ያስከፍላል። ለሁለት ሰው 50 ዩሮ መሆኑ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ባለ ስድስት ሚናራው ሰማያዊ መስጊድ ግን በነፃ ይጎበኛል። እ.ኤ.አ. በ1557 ሲናን የተባለው መሐንዲስ ያጠናቀቀው የሱለይማኒዬ መስጊድም አያስከፍልም። ከግቢው ሆኖ ወርቃማው ቀንድ የተሰኘውን የባሕር ወሽመጥ ቁልቁል ማየት ይቻላል። በሁለቱም ጫማ ማውለቅ ግዴታ ሲሆን፣ በሶላት ሰዓት ጎብኚ አይገባም።

የጅምላ ሻጮች ሰፈር ከሆነው ከላሌሊ ተነስቶ ወደ እነዚህ ሥፍራዎች በእግር መድረስ ይቻላል። በመንገድ ላይ 4,000 ያህል ሱቆች ያሉት ታላቁ ባዛር ይገኛል። መግቢያው ነፃ ሲሆን እሑድ ዝግ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ምንጣፍ ሻጩ የሚጋብዘው ሻይ ሂሳብ አይጠየቅበትም። ሆኖም የመርካቶ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሻይ ጠጥቶ ሳይገዙ መውጣት ይከብዳል።