ስካነር ሬዲዮ፦ ከጅቡቲ ሰገነት ላይ ምን ይሰማል?

ስካነር የሚባለው መሣሪያ ለዜናና ለዘፈን ከምንከፍተው ሬዲዮ የሚለየው በአንድ ጣቢያ ላይ ተወስኖ ባለመቀመጡ ነው። የተመዘገቡለትን የሞገድ ቍጥሮች ተራ በተራ ይፈትሻል፤ ድምፅ ባገኘበት ላይ ይቆማል፤ ንግግሩ ሲያበቃ ፍተሻውን ይቀጥላል። ባዶው ሞገድ የሚያሰማውን ሹክሹክታ የሚያፍን መቆጣጠሪያም አለው። ይህ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ደካማውን ጥሪ አብሮ ያፍናል።

በአሜሪካ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሰዎች የከተማቸውን እሳት አደጋ መከላከያ በዚህ መሣሪያ ሲከታተሉ ኖረዋል። ጀማሪዎች ብዙ ቍጥር መመዝገብ ብልህነት ይመስላቸዋል። ነገር ግን መሣሪያው በሰከንድ 10 ሞገድ ቢፈትሽ፣ 100 ሞገድ ለመዞር 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ መልእክት ደግሞ አጭር ነው፤ ቦታውን፣ የሚቃጠለውን ነገርና የሚፈለገውን እርዳታ ተናግሮ ዝም ይላል። ሦስት ሰከንድ የፈጀው ጥሪ ስካነሩ ሌላ ዘንድ ሳለ ያልፋል።

ታዲያ ድምፁ እስከ የት ይደርሳል? እጅግ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የምድር ክብነት ይገድበዋል። የሁለቱን አንቴናዎች ቁመት በሜትር ወስደን፣ የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት ደምረን በ4.12 ብናባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን። አስተላላፊው 30 ሜትር፣ የእኛ ሰገነት 10 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 35 ኪሎ ሜትር ግድም ነው።

የጅቡቲ አየር ግን ለዚህ ስሌት ሁልጊዜ አይታዘዝም። በበጋ ከየብስ የሚነፍሰው ደረቅና ትኩስ ነፋስ በባሕሩ ላይ ካለው እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ አየር በላይ ሲነጠፍ፣ ሞገዱ ወደ ላይ ማምለጡ ቀርቶ ወደ ታች እየጎበጠ በሁለቱ መካከል እንደ ቦይ ውኃ ይፈሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቦምቤይ የነበረ ራዳር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የአረቢያ ጠረፍ ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለው ቀን 240 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከኤደን የሚመጣ ድምፅ የሰፈር ያህል ሊቀርብ ይችላል። ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ጆሮ ቢያስተምረው እመርጣለሁ።

በወደብ ከተማ የሚሰማው ዋናው ሞገድ የባሕሩ 16ኛ ቻናል ማለትም 156.8 ሜጋኸርዝ ነው። መርከብ በመጀመሪያ የሚጠራው በዚሁ ነው፤ መልስ ሲያገኝ ወደ ሌላ ቻናል ይዛወራል። መርከብ ላይ እሳት ሲነሳም «ሜይዴይ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ የሚነገረው እዚሁ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ የሚማር የጅቡቲ ተማሪ «እርዱኝ» ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ መስማት ይፈቀዳል ወይ? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 17 መንግሥታት ለሕዝብ ያልታሰበን መልእክት ያለ ፈቃድ መጥለፍንና የተሰማውንም ማውጣትን እንዲከለክሉ ያስገድዳል። በአሜሪካ ማዳመጡ በአብዛኛው ሲፈቀድ በብሪታንያ ግን ያስቀጣል። የፈረንሳይ እሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ አንታሬስ በተባለ ዲጂታል መረብ ስለሚነጋገሩ ተራ ስካነር ምንም አያገኝም። መምህር መሣሪያውን ወደ ክፍል ከማምጣቱ በፊት የአገሩን የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ።

ከሕጉ ሌላም ነገር አለ። በጅቡቲ የቆዩ ሰፈሮች ብዙው ቤት ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ መንገዱም ጠባብ ነው። እሳት መነሳቱን በሬዲዮ የሰማ ልጅ ለጓደኞቹ ነግሮ ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ቢግተለተል፣ ውኃ የጫነው መኪና በምን በኩል ይገባል? ሰሚው እቤቱ ይቀመጥ። ጭስ በዓይኑ ያየ ግን በጅቡቲ 18፣ በአዲስ አበባ 939 ይደውል፤ በመጀመሪያም ቦታውን ይናገር።